ፖሊስ ሲመጣ ትብለጥን ጠይቁ

ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ባለው መትናስ በር ላይ ትብለጥን ሳያይ የሚያልፍ ሰው የለም። መትናስ የሚባለው የሰፈሩ ሰው መሰብሰቢያ ማእከል ነው፤ ቀን ሽማግሌዎች፣ ወደ ማታ ተማሪዎች ይመጡበታል። ትብለጥ ከበሩ በስተቀኝ፣ ከጠረጴዛዋ ኋላ ትቀመጣለች። የማን እናት ታመመች፣ የማን ልጅ ከሠራዊቱ ለእረፍት መጣ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ያን ሁሉ የምታውቀውን ሴት «ዋናው ሥራሽ አለመናገር ነው» ቢሏት፣ ድሮ ትስቅ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ፣ አይሁዶችን ከአገር ቤት ባመጣው፣ ሰው እንዲበዛበት ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ስትመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ኦስናት ብለው ሰየሟት። አሥራ ስምንት ሲሞላት፣ «እኔ ትብለጥ ነኝ፤ ምላሳችሁን አለማምዱ» ብላ ስሟን መለሰች። ፋብሪካ ሠርታለች፤ ሀብታሞቹ የሚኖሩበት ዖሜር እየሄደች የሰው ቪላ ወልውላለች። መትናሱም የቀጠራት ለጽዳት ነበር። መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ለሽማግሌዎቹ የሐኪም ቀጠሮ ስትይዝላቸው ኃላፊዋ ሳፒር አየቻትና፣ «መወልወያውን ለሌላ ስጪ፤ አንቺ እዚህ ተቀመጪ» አለቻት። በዚያው ቀረች።

ከአራት ዓመት በፊት ግን ተሳሳተች። ሁለት ፖሊሶች መጡ። እንግዳ ናቸው ብላ ወንበር ሳበችላቸው፤ ሻይ ቀዳችላቸው። «ይስራኤል የሚባል ልጅ እዚህ ይመጣል?» አሏት። መዝገቡን ገልጣ አሳየች። ያ አልበቃ ብሏት በአፏ ጨመረችበት፦ «የሸዋወርቅ ልጅ ነው። እኔ ያለሁበት ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ። አሳንሰሩ ተበላሽቷል፣ በደረጃው ውጡ።»

ልጁ ምንም አላደረገም ነበር፤ ወስደው ጠይቀውት በማግሥቱ ለቀቁት። ወሬው ግን አልለቀቀም። በሳምንቱ ከሠላሳ ተማሪ አራት ብቻ መጡ። ሸዋወርቅም ደረጃው ላይ ከትብለጥ ጋር ስትገናኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረች። ብትሰድባት ይሻል ነበር።

ትብለጥ ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ሳፒር ቢሮ ገብታ፣ «ደንብ ስጪኝ» አለች። «ፖሊስ ሲመጣ ምን እንደምል የነገረኝ ሰው የለም። እኔ የማውቀው እንግዳ መቀበል ነው።» ሳፒር ጠበቃ አስመጣች፤ አንድ ገጽ ተጻፈ። ትብለጥ ዕብራይስጡን በአማርኛ ፊደል ገልብጣ መሳቢያዋ ውስጥ ለጠፈችው። ባትለጥፈውም ችግር የለም፤ እንደ ልጇ ስም ታውቀዋለች።

ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ ተመለሱ። ባለፈው ክረምት ደግሞ የሸዋወርቅ የመጨረሻ ልጅ ናአማ፣ የይስራኤል እኅት፣ ለሒሳብ ፈተና ልትዘጋጅ መጣች። ቀይ ጃኬቷን እንዳጠለቀች ጠረጴዛው ፊት ቆማ፣ «እናቴ ለትብለጥ ንገሪያት ብላለች» አለች።

«ምን በይ አለችሽ?»

«አልረሳሁም በያት።»

«እኔም አልረሳሁም በያት» አለች ትብለጥ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ፖሊስ ብቻውን ገባ። ጓደኛው ውጭ መኪና ውስጥ ቀርቷል። የእኛው የሐበሻ ልጅ ነው፤ ደረቱ ላይ ኦረን የሚል ስም አለ።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ» አለ ባርኔጣውን አውልቆ።

«እማማ?» አለች ትብለጥ። «ባለፈው ሐሙስ ሰርግ ላይ እስክስታ ስወርድ ብታየኝ እማማ ባላልከኝ!»

ሳቀ። «ይቅርታ እኅቴ።» ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ የቆመች ቀይ ጃኬት የለበሰች ልጅ። «ገበያው አጠገብ ጠብ ነበር፤ አንድ ሰው ተመቷል። ይቺ ልጅ ቆማ ስታይ ነበር። እዚህ ትመጣለች ተባልኩ። ስሟን ብቻ ንገሪኝ።»

ናአማ በዚያች ሰዓት ከትብለጥ ጀርባ ባለው ክፍል ሒሳብ እየሠራች ነው። በመካከላቸው አንድ ስስ በር አለ። ትብለጥ ወረቀትና ብዕር ሳበች።

«አሁን አደጋ ላይ ያለ ሰው አለ? የጠፋ፣ ሊሞት የሚችል? ካለ አሁኑኑ ተነሥቼ እረዳሃለሁ።»

«የለም። የተመታው ሰው ድኗል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲያው ሙሉ ስምህን፣ የመታወቂያ ቁጥርህንና የመጣህበትን ጉዳይ ልጻፍ። ጥያቄህን በወረቀት ለሳፒር ላክ፤ ኃላፊዋ እሷ ናት፣ አሁን ስብሰባ ላይ ናት። ወረቀቱን ጠበቃ ያየዋል፤ መመለስ ያለበት ይመለስልሃል። እኔ እዚህ ማን እንደሚመጣና እንደማይመጣ አልናገርም።»

«እኅቴ፣ እኔ እኮ የእናንተው ልጅ ነኝ።»

«እናትህ እዚህ ብትመጣ፣ እሷም ትምጣ አትምጣ ለማንም አልናገርም።»

«ደንበኛ ጠበቃ ወጥቶሻል!»

«መወልወያ ይዤ ነው የተማርኩት» አለችና ቁጥሩን መጻፍ ጀመረች።

ኦረን ሊወጣ ዞር ሲል አባባ አለነ አዩት። አባባ አለነ ለወገባቸው ስፖርት የሚመጡ ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ በአዳራሹ አግዳሚ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጣሉ።

«አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?»

«የንጉሴ ልጅ ነኝ አባባ። የአምባው የልጅ ልጅ።»

«የትኛው አምባው? አንጥረኛው?»

«አዎ!»

ሽማግሌው ቤት መቁጠር ጀመሩ። የእኛ ሰው ሲጋባ ዘመድ ከዘመድ እንዳይነካ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ አባባ አለነ ደግሞ የሰፈሩን ሁሉ ሰባት ቤት በቃላቸው የያዙ ናቸው። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ጮኹ። «ዘመዴ ነህ! ና ሳመኝ!» አገላብጠው ሳሙት። ኦረን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«አባባ፣ ይቺስ የማን ልጅ ናት?»

ትብለጥ ብዕሯ እጇ ላይ ቆመ። የሚናገረው መዝገቡ ብቻ መስሏት ነበር። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው መዝገብ ትዝ ብሏት አያውቅም።

አባባ አለነ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይቺንማ አውቃታለሁ! ቆይ፣ ከላይ ልጀምርልህ። ተገኘ መርሻን ወለደ። መርሻ…»

እሳቸው ከሰባተኛው አያት ወደ ታች ነው የሚቆጥሩት። ናአማ ዘንድ እስኪደርሱ ጊዜ አለ። ግን ሽማግሌን በሰው ፊት ዝም በል ማለት ነውር ነው። መዋሸትም አይሆንም፤ ፖሊስን መከልከልም አይሆንም። ትብለጥ ተነሥታ ሄዳ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎትና ከዚያ እንደፈቀድዎ ያድርጉ። ይህ ልጅ ዘመድዎ ነው፤ ይቺን የጠየቀዎት ግን በዘመድ አይደለም። ለፖሊስ ሥራው ነው። መንገርም አለመንገርም የእርስዎ ነው። እኔ ግን ሳያውቁት ሲናገሩ ዝም ካልኩ በደልኩዎት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ልጁን አዩት።

«እውነቷን ነው?»

ኦረን መሬት መሬት አየ። «ሥራ ነው አባባ።»

«እና እኔ የሳምኩት ማንን ነው? አንተን ነው ልብስህን?»

አባባ አለነ መነጽራቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ቅዳሜ ቤቴ ና። ያንን ልብስ አውልቀህ። ያንተን እስከ አሥረኛው እቆጥርልሃለሁ። የሌላ ሰው ልጅ ግን አልቆጥርልህም።»

ኦረን ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ፣ «ወረቀቱ ለሳፒር ነው ያልሽው?» አለ።

«ለሳፒር። ስሟን አስተካክለህ ጻፍ፣ ትቆጣለች።»

እሱ ከወጣ በኋላ ሰዓቱን፣ የተባለውን፣ የመለሰችውን ሁሉ ጻፈች፤ የአባባ አለነንም ጭምር። ለሳፒር ደወለች። ሳፒር ለጠበቃው፣ ጠበቃው ለሸዋወርቅ ደወለ። በማግሥቱ የኦረን ደብዳቤ መጣ። ናአማ ማንም ሳይጎትታት፣ በእናቷና በጠበቃው መካከል ሆና ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ያየችውን ተናገረች። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከጣቢያው ስትወጣ፣ «ሒሳቡ ከዚህ ይከብዳል» አለች ይባላል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ትብለጥ ከጠረጴዛዋ ሆና ቆጠረች። ሠላሳ አንድ ተማሪ። ቀዩ ጃኬት ከፊት ተቀምጧል።

ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ቆሟል። ሸዋወርቅ ከታች ደረጃው ሥር ሁለት ከረጢት ድንችና አንድ ሐብሐብ ይዛ ቆማለች። ትብለጥ እንደ አራት ዓመቱ ልማድ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ አለች።

«አንቺ» አለች ሸዋወርቅ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም። «የት ትሄጃለሽ? ሐብሐቡን ያዢው እንጂ። አራተኛ ፎቅ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ድሮ ለሰው ሁሉ ስትናገሪ ነበር።»

ትብለጥ ሐብሐቡን አቀፈችው። ከባድ ነበር። ሁለቱም እየሳቁ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሻቸው አለቀና ቁጭ አሉ።