ውሃ የሚቋጥረው ሰላጣ

እማማ ሜትር የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ተማሪ ቤት የገቡት ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከአንገታቸው በማይወርደው የልክ መውሰጃ ሜትር የተነሳ ነው፤ ሲተኙ ያወልቁት እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ ሰው የለም። ታዲያ የጎልማሶች ክፍል ገብተው ገና ቁጭ ከማለታቸው የሳይንስ አስተማሪዋ በሩን ከፍታ ገባች። ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የገዛ ልጃቸው ሚስት! ምራታቸው!

ቤት ውስጥ «አንቺ» የሚሏትን ልጅ ክፍል ውስጥ «እርስዎ፣ ቲቸር» ማለት ግድ ሆነ። አጠገባቸው የሚቀመጠው ጎሚስታ ይህን በሰማ ቁጥር በሳቅ ይንፈራፈራል።

«እማማ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ማን ነው ማንን የሚቆጣው?»

«ዝም በል አንተ ጎማ ነፊ! እኔን የምትቆጣ አልተወለደችም።»

ክፍሉ ያስቃል፤ ቤቱ ግን አያስቅም። ቤት ውስጥ ነገር ከሯል። የነገሩ ሥር ደግሞ ሰላጣ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ሰላጣ! ምራትየው እሁድ እሁድ ቲማቲምና ኪያር ቆራርጣ ታስቀምጣለች፤ ምሳ እስኪቀርብ ቲማቲሙ ሳህኑ ውስጥ ይዋኛል። እማማ ሜትር ማንኪያቸውን ቁጭ ያደርጉና እንግዳ ፊት፣ «ይሄ ሰላጣ ነው ወይስ ሾርባ? የኔ ምራት እኮ ቲማቲም አጥባ ማጠንፈፍ እንኳ አታውቅም» ይላሉ። ምራትየው አንገቷን ደፍታ ትነሳለች። በመጨረሻ ልጃቸው ፊቱን አጥቁሮ፣ «በቃ እማዬ፣ ቤት ልንከራይ ነው፤ ለደላላም ነግሬያለሁ» አላቸው።

«ሂዱ! ማን ያዛችሁ?» አሉ። በሆዳቸው ግን ቤቱ ኦና ሆኖ፣ እሳቸውና የስፌት መኪናቸው ተፋጠው ታያቸው።

እንዲህ ባሉበት ሳምንት ቲቸር ድንች በፌስታል ይዛ ክፍል ገባች።

«ዛሬ ኦስሞሲስን በዓይናችን እናየዋለን። ድንቹን ላጡና እኩል እኩል አድርጋችሁ ቁረጡ።»

መቁረጥና መለካትማ የእማማ ሜትር እንጀራ ነው! እንደ ቀበቶ ማንገቻ አስተካክለው ሰነጠቁት፣ በሜትራቸው ለኩት፤ አንዱን ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ነከሩት።

«የትኛው ያብጣል ትላላችሁ?» አለች ቲቸር።

«ጨው ውስጥ የገባው ነዋ!» አሉ እማማ ሜትር። «እኔ ራሴ ጨው ሲበዛብኝ እግሬ ያብጥ የለ?»

«እኔም ከእማማ ጋር ነኝ» አለ ጎሚስታው።

ሌላ ትምህርት ሲማሩ ቆይተው ድንቹን አወጡት። ንጹህ ውሃ ውስጥ የነበረው ግትር ብሏል፤ ሊያጥፉት ሲሉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የጨዉ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ እጃቸው ላይ ተልፈሰፈሰ። ሜትራቸውን ዘረጉበት። አጥሯል! ሌላው ሰው እንዳይነካው በክርናቸው ከልለው ደግመው ለኩት። አሁንም አጥሯል! ያ ሜትር ደግሞ በዕድሜው ዋሽቷቸው አያውቅም።

«ውሃው... ውሃው የት ገባ?»

«ወደ ጨዉ ወጣ» አለች ቲቸር። «ድንቹ የተሠራባቸው ጥቃቅን ሴሎች ስስ ሽፋን አላቸው፤ ውሃ ያሳልፋል። ውጭ ጨው ከበዛ ውሃው ከውስጥ እየወጣ ወደዚያ ይሄዳል። ድንች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ካሮትም፣ ቲማቲምም፣ ኪያርም ያው ነው።»

እማማ ሜትር ክው አሉ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት። እሁድ እሁድ ምራትየው ፊቷን ስታዞር፣ «የዚች ልጅ እጅ ጨው አያውቅም» እያሉ፣ ያውም በቁንጥር ሳይሆን በእፍኝ፣ ሰላጣው ላይ ጨው የሚበትነው ይኸው እጅ ነው! ያን ሾርባ ማን ሠራው ታዲያ?

«እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ። ክፍሉ በሙሉ ዞረ።

«ምኑን ነዎት እማማ?» አለ ጎሚስታው ደንግጦ።

«ሰላጣውን! ተደብቄ ጨው የምጨምረው እኔ ነኝ! ወይኔ ጉዴ! ልጄን ከነሚስቱ ከቤት የማስወጣው እኔው ነኝ!»

ምራትየው ጠመኔዋን አስቀመጠች። «አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ሌላ መብረቅ! «እርስዎ» የሚባለው ነገር እዚያው ጠፋ። «ምን አልሽ? ታውቂያለሽ?»

«ቤታችሁ ከገባሁ ጀምሮ ሲጨምሩ አይዎታለሁ።»

«እና አፍሽን ምን ያዘው?»

«እንግዳ ፊት ላሳፍርዎት እማዬ? ለብቻዎ ብነግርዎትስ ያምኑኝ ነበር?»

እማማ ሜትር የተልፈሰፈሰውን ድንች አዩት፤ ሜትራቸውን አዩት። «አላምንሽም ነበር» አሉ፤ እንባቸው መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ጨዉን አንቺ ያዥው። ብቻ አትሂጂብኝ።»

«እንግዲያው ለደላላው ቤቱ ቀርቷል ብለን እንደውልለት» አለች ምራትየው።

እሁድ ሰላጣው ውሃ ሳይቋጥር ቀረበ፤ ኪያሩ ቀጭ ቀጭ ይላል። እማማ ሜትር ያን ጨው በታኝ ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር ቀብረው በግራ እጃቸው ብቻ ይበላሉ። ልጃቸው አንድ ጎረሰና፣ «ጨው አላነሰውም?» አለ።

«ዝም ብለህ ብላ!» አሉት አማትና ምራት እኩል።

ሁለቱ በአንድ አፍ ሲናገሩ ሰምቶ የማያውቀው ልጅ ማንኪያውን እንደነከሰ ደርቆ ቀረ።