ካፖርት የለበሰው ጭቃ

ሰሞኑን ጎረቤቴ አዲሱን ቤቱን ሲመርግ፣ ያ የረጠበ ጭቃና የበሰበሰ ጭድ ሽታ በአጥሩ ሾልኮ ገብቶ ከተቀመጥኩበት አላስነሣ አለኝ። የልጅ ልጆቼ ይከረፋል ይላሉ። ይበሉ። እኔን ግን ጢም ሳላበቅል ወደነበርኩበት ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ጃንሆይ ዘመን ይዞኝ ይሄዳል።

የተማርኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ እሱንም ከፊደሉ ይልቅ ጭቃው ስለጣመኝ። ከጎንደር የመጣ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበረን፤ በእንጨትና በጭድ ላይ ጭቃ እያስለደፈ በቁመታችን ልክ ሰው አሠራንና፣ ዓርብ ዕለት ገበያተኛው እንዲያይልን ሜዳ ላይ ደረደረው። አራሽ አለ፣ እንስራ ያዘለች ሴት አለች፤ የኔው ወታደር ነው። ታላቅ ወንድሜ አያሌው ለውትድርና ሄዶ ወሬው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበርና፣ ናፍቆት ይሁን ምን ይሁን፣ እጄ ሳላዘው ያን ሰፊ ግንባሩንና ጠባሳ የቆረጠውን ቅንድቡን አወጣው። አስተማሪው ደስ ብሎት አሮጌ የወታደር ካፖርት ፈልጎ አለበሰው።

ገበያተኛው መጀመሪያ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ አራሹን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «ይሄ እንኳ የኛው ሰነፍ ነው፤ በሬውን ሸጦ ሞፈሩን ታቅፎ ቆሟል!» አለ። እኔም ኮራሁ። ኋላ እናቴ ጌሾዋን ሸጣ መጣች።

በእኛ አገር ሰው ርቆ ሞቶ ሬሳው ካልመጣ፣ ምስሉን ሠርተው፣ ልብስ አልብሰው፣ ሜዳ ላይ አቁመው ነው የሚያለቅሱለት። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ እኔ ግን ያን ቀን አንዴም ትዝ አላለኝም። እናቴ ካፖርቱን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧን አሠረች።

«አያሌውዬ! እኔን ሳያረዱኝ ምስልህን አቆሙት?»

ሮጬ ደረስኩና፣ «እማዬ፣ ጭቃ ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት!» አልኳት።

«አንተም ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማል? የገበያው ሴት ሁሉ እህሉን ጥሎ ደረቱን እየመታ መጣ፤ ምስኪኑ አስተማሪ «የትምህርት ሥራ ነው እኮ፣ እናቴ» እያለ ቢለምን፣ መርዶ መንገሪያ ዘዴው ነው ብለው ይበልጥ አለቀሱ። እናቴ ጠጉሯን ተላጨች። አያሌው ሲመጣ ይታረዳል ብላ ያሰባችውን ሙክት ለተዝካሩ አረደችው። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ አልሞተም ብዬ ሥጋውን አልቀመስኩም፣ እንባም አልወጣኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን እሱን የምጠብቅ እኔ ብቻ ሆንኩ።

አልመጣም። ሞተ ብሎ የነገረኝም የለም። ምስሉን የዚያው ዓመት ክረምት አፈረሰው፣ እናቴም አለፈች። አሁን የወንድሜን ፊት ላስታውስ ስል የሚመጣብኝ ያ በእጄ የለደፍኩት ነው፤ እሱን ይምሰል አይምሰል የምጠይቀው ሰው አገር ላይ አልቀረም።