ለደቻቱ የተሰጠው አፈር

ድሬ ውስጥ፣ ከመጋላ ገበያ ወጣ ብሎ ሱቅ ያላት ኢስታር ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ስኳር ስትመዝን እንኳ ሚዛኑ እስኪረጋ አትጠብቅም፤ ጨመር አድርጋ ሰጥታ ትገላገላለች። ሰፈሩ ለዚህ ይወዳታል። ችኮላዋ ያመጣባትን ግን ለጠላትም አይስጥ።

ከሱቋ ጀርባ ባዶ ግቢ አለ። ባሏ ዮኒስ በሕይወት ሳለ ያረጁ የመኪና ባትሪዎች እዚያ እየሰበረ፣ እርሳሱን እያቀለጠ ይሸጥ ነበር። ልጃቸው ኢክራን እግሩ ሥር አፈር ስትጫወት አደገች። ዛሬ ትልቅ ልጅ ናት፤ የራሷን ስም አጣርታ መጥራት ግን አትችልም። ሐኪሙ እርሳሱ በአፈሩ በኩል ገብቶ አእምሮዋን እንደጎዳው ሲነግራት ኢስታር አላለቀሰችም። «ከእንግዲህ ማንም ልጅ እዚያ አፈር ላይ አይቀመጥም» አለች። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ለዚህ ብቻ ሆነ።

በየቢሮው ደጅ ጠናች። በመጨረሻ ኒቆዲሞስ የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ መጥቶ አፈሩን አስመረመረ። ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ ከከተማ ውጭ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበራል፤ ግቢው በንጹሕ አፈር ተሸፍኖ የልጆች መጫወቻ ይሆናል አላት። ሰፈሩ አፉን በጨርቅ አስሮ ወጣ፤ አፈሩን ጠርጎ አጥሩ ሥር ከመረው። የቀረው የጭነት መኪናው ነበር።

መኪናው አልመጣም። ነገ ተባለ፤ ነዳጅ የለም ተባለ፤ ጉድጓዱ አላለቀም ተባለ። ኒቆዲሞስ ራሱ በገዛ መሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠኚ ሆነ። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ክምሩ እየቦነነ በየቤቱ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሐረር በኩል ያለው ተራራ ጠቆረ። ድሬ ላይ ጠብታ ባይወርድም ተራራው ከጠቆረ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ በጎርፍ ሞልቶ እንደሚመጣ የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የማይፈልገውንም ነገር ለደቻቱ መስጠት ለምዷል፤ ቆሻሻውን፣ የቤት ፍራሹን፣ የሞተ አህያውን። ጎርፉ ጠርጎ ይወስድለታል፤ የት እንደሚያደርሰው የጠየቀ የለም።

«አቦ፣ ምን እንጠብቃለን? ደቻቱ እያለ መኪና ምን ያደርጋል?» አለች ኢስታር።

ጋሪ ያለው በጋሪ፣ የሌለው በጆንያ አግዞ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ከመረው። ጎርፉም መጣ፤ ክምሩን አንሥቶ ሄደ። ድልድዩ ላይ እልልታው ቀለጠ፤ ኢስታርም ዮኒስ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

ኒቆዲሞስ ሲሰማ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «ውሃው የት እንደሚቆም ታውቂያለሽ?» አላት።

«በረሃ ነዋ!» አለችው። ያ በረሃ ታላቅ እህቷ አሚራ የምትኖርበት መሆኑ በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም። ደስታም ያስረሳል።

ከወራት በኋላ ግቢው ንጹሕ አፈር ለብሶ፣ ዥዋዥዌ ተተክሎለት ተከፈተ። አሚራም ትንሿን ልጇን ሳብሪንን ታቅፋ፣ ዘንቢል ሙሉ ቲማቲም ይዛ ደረሰች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! እኛንም ዘንድሮ ደቻቱ ባረከን» አለች እህቷን እየሳመች። «ጥቁር አፈር አምጥቶ ደጃችን ላይ አነጠፈልን። ዋላሂ፣ እንደዚያ ያለ አፈር አይተን አናውቅም። ቲማቲሙ የእሱ ነው። ይቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከላዩ አትነሣም፤ ጭቃውን ቂጣ ነው እያለች ትጋግርና መልሳ ትበላዋለች!»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ኢስታር ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም። ዥዋዥዌውን ይዛ ቆመች። መዋሸት አማራት። ከዚያ የሳብሪንን ጣቶች አየችና ሁሉንም ነገረቻት፤ አፈሩ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደላከው።

አሚራ ጥግ ላይ ብቻዋን የቆመችውን ኢክራንን አየች፤ ብዙ አየቻት። ከዚያ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«እና አሁን የት ልሂድ? ማንን ልለምን?» አለች።

ኢስታር የከተማውን የቢሮ በር ሁሉ ታውቀዋለች። መኪና የላከላት ግን አንድም አልነበረም።

ሳብሪን ሌሎቹን ልጆች አይታ ለመውረድ ተንፈራገጠች።

«ልቀቂያት፣ እዚህ አፈሩ ንጹሕ ነው» አለች ኢስታር።

አሚራ አልለቀቀቻትም።