ደረቅ ብዬ የፈረምኩበት ግድግዳ

ከዳንግላ የወጣሁት በቀን ነው። ሰው ስደቱን ሲያወራ ሌሊት ተነስቶ፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣ ውሻ ሳይጮህበት እንደወጣ ነው የሚያወራው፤ እኔ ግን ከምሳ በኋላ፣ ጋሪዎቹ ከገበያ ሰውና እህል ጭነው ሲመላለሱ፣ ሁሉም እያየኝ ወጣሁ። ልጄ ማስተዋል አራት ዓመቷ ነበር። ከቆሰበር ይዣት መጥቼ ታላቅ እህቴ ደብሬ ቤት አስቀመጥኳት። ደጅ ላይ ከልጆች ጋር አፈር ስትጫወት "ሳሙና ገዝቼ ልምጣ" አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ጋሪው ላይ ወጥቼ መናኸሪያ እስክደርስ ወደ ኋላ አልዞርኩም፤ ብዞር ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ ከካናዳ አይሆንም ነበር።

ለምን ጥለሻት ወጣሽ ትሉኝ ይሆናል። አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ ይሙት፣ ሌላ ቤት ይሥራ፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም። እኔ ቆሰበር ውስጥ የሰው ቤት በጭቃ እየመረግሁ ነበር የምኖረው። ከእናቴ የወረስኩት ሙያ ነው። እሷ በአዊኛ እየተቆጣች፣ እኔ በአማርኛ እየመለስኩላት፣ ጭቃና ጭድ ስንረግጥ ነው ያደግሁት። የእኛን አገር ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ግድግዳ ሳይደርቅ ሌላው ዝናብ ይደርሳል፣ ክረምቱን ሙሉ መራጊ የሚፈልግ ሰው የለም። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻዬን ከልጅ ጋር ቀረሁ። ሰውየውን ፈልጌ፣ እሱን ባጣው ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

መተማ ላይ የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም። ተሻግሬ ሱዳን ገባሁ። ገዳሪፍ ሰው ቤት ልብስ ሳጥብ፣ ወለል ስወለውል ዓመታት ሄዱ። በስደተኛነት ተመዝግቤ ወደ ካናዳ ለመሄድ ለቃለ መጠይቅ በተጠራሁ ጊዜ፣ ለሰው ፎርም የሚሞላ አንድ ያገሬ ልጅ ጠጋ ብሎ መከረኝ።

"ልጅ አለኝ ካልሽ ፋይልሽ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የለኝም በይ። ከገባሽ በኋላ ትወስጃታለሽ።"

አመንኩት። ጠያቂዋ ሴት በአስተርጓሚ "ልጅ አለሽ?" ስትለኝ "የለኝም" አልኩ። እሷም ጽፋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። አንድ ጊዜ ብትደግመው እነግራት ነበር እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሳታልል ኖርኩ።

ዊኒፔግ የሚባል ከተማ ገባሁ። ብርዱን ብነግራችሁ አታምኑኝም። የቆሰበር ብርድ እኮ ጋቢ ደርባችሁ እሳት ዳር ስትቀመጡ ይተዋችኋል፤ ይህኛው ግን የአፍንጫን እርጥበት ሳይቀር በረዶ ያደርጋል። ድንቹ ውሃ ውሃ ይላል፤ የእኛን ድንች ቀቅዬ በሚጥሚጣ የበላሁበትን ቀን ሳስብ እራቴን ትቼ የተነሳሁበት ጊዜ አለ። ሰዉ ክፉ አይደለም። ፈገግ ብሎ "እንዴት ነሽ?" ይላል፤ እኔ ቆሜ የእሱን ደኅንነት፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጥጉን ዞሮ ሄዷል።

ቤት ስፈልግ፣ ምድር ቤት ያለች አንዲት ክፍል የሚያከራይ ሰው ፎርም ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ስንት ሰው ነው የሚኖረው?"

"አንድ። ምናልባት ሁለት።"

"አንድ ነው ወይስ ሁለት?"

"አሁን አንድ ነኝ።"

"ፎርሙ ላይ ምናልባት የሚባል ቦታ የለም" አለና "አንድ" ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ "ውሻ አለሽ?" አለኝ። የለኝም ስለው ደስ አለው። ውሻ ቢኖረኝ ለውሻው የሚሞላ ሙሉ ገጽ ነበረ።

ሥራ ያገኘሁት ስፕሬይ ፎም የሚረጩ ሰዎች ጋ ነው። ስፕሬይ ፎም ማለት ቤት ብርድ እንዳያስገባ ግድግዳ ላይ የሚረጭ አረፋ ነው። በሁለት በርሜል ያለ ፈሳሽ እየሞቀ በረዥም ጎማ ይመጣል፤ መርጫው አፍ ላይ ሲገናኝ ወተት እንደሚገነፍል ይገነፍላል፣ ወዲያው ዓይናችሁ እያየ ይጠነክራል። የሚረጨው ግሌን የሚባለው አለቃዬ ነው፣ ከእግር እስከ ራሱ ተሸፍኖ፣ ፊቱ ላይ ጭንብል አጥልቆ። የእኔ ሥራ ከእሱ በፊት ግድግዳውን ማዘጋጀት ነው። አቧራ እጠርጋለሁ፣ ዝገት እፍቃለሁ፣ ቅባት አነሳለሁ፣ መስኮቱንና ሶኬቱን በላስቲክ እሸፍናለሁ።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። እኛ ስንመርግ አሮጌው ግድግዳ ላይ መጀመሪያ ውሃ እንረጫለን፤ ደረቅ ከሆነ አዲሱን ጭቃ አይዝም። እኔም እንደለመድኩት ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት። ግሌን መጥቶ በመዳፉ ዳሰሰው።

"ማን ነው ያጠበው?"

"እኔ ነኝ። እንዲይዝ ብዬ።"

ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። "ይሄ እርጥብ ነገር ላይ አይዝም" አለኝ። ያን ቀን ማሞቂያ ተክለን ስናደርቅ ዋልን። አልተቆጣኝም። በማግስቱ ሁለት ሹል መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ሰጠኝ፤ እንጨት ላይ ሲወጋ ቁጥር ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ለክቼ፣ ወረቀቱ ላይ "ደረቅ" ብዬ የምፈርመው እኔ ሆንኩ። እኔ ካልፈረምኩ አይረጭም። ቆሰበር ላይ ስንት ቤት መርጌ ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እዚህ ስሜ ወረቀት ላይ ወጣ ብዬ ኮራሁ።

አንድ ጊዜ፣ በረዶው ሊገባ ሲል፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ቤት ሄድን። ምድር ቤታቸው በሰሜን በኩል ጥጉ እርጥብ ነው። ደጋግሜ ለካሁ፣ ቁጥሩ አልወርድ አለ። ለግሌን ነገርኩት።

"ነገ ሌላ ሥራ አለን" አለ። "ደረቅ ብለሽ ጻፊ። ሙቀቱ ያደርቀዋል።"

ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ስንጨርስ ሽማግሌው ሻይ አፍልተው ሰጡኝና "ከእንግዲህ ብርድ አይገባም አይደል?" አሉኝ። አይገባም አልኳቸው።

በረዶው ሲቀልጥ ደወሉ። ስንሄድ አረፋው ከጥጉ ተላቆ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተንጠልጥሏል፤ ከኋላው ያለው እንጨት ጠቁሮ ሻግቷል። ሽማግሌው በር የከፈቱልን እያሳሉ ነው። የድርጅቱ ባለቤት ወረቀቱን ይዞ መጣ።

"ይሄ ፊርማ የማን ነው?"

ግሌን መሬት መሬት ያያል። "የእኔ ነው" አልኩ።

"ለክተሽ ነበር?"

"ለክቻለሁ። እርጥብ ነበር። ደረቅ ብዬ ጻፍኩ።"

እንዲህ ስል ግሌን ቀና አለ። "ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ" አለ። እባረራለሁ ብዬ ቦርሳዬን ሳይቀር ይዤ ነበር። ባለቤቱ ግን "ያበላሻችሁትን ራሳችሁ ታነሱታላችሁ" ብሎ ሄደ።

ስድስት ቀን በቢላዋና በመፋቂያ ስንልጠው ሰነበትን። እንዴት እንደሚይዝ ልነግራችሁ አልችልም፤ እርጥቡ ጥግ ላይ በእጅ ያነሳነው አረፋ፣ ደረቁ ላይ ጥፍር እያስለቀቀ ነበር። በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ወርደው አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርጥብ መሆኑን አውቅ ነበር" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና፣ ሽማግሌ ለወሬ ያህል እንደሚጠይቀው፣ "ልጅ አለሽ?" አሉኝ።

መፋቂያውን አስቀመጥኩ። "አለችኝ" አልኩ። በዚህ አገር ያንን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"አሥራ ሁለት።"

"የት ናት?"

ዳንግላ ልላቸው ስል እንባ ቀደመኝ።

በሳምንቱ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። መነጽር ያደረገ ሰው ፋይሌን ከፈተ።

"እዚህ ላይ ልጅ የለኝም ይላል።"

"አለችኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተወለደች ጀምሮ።"

"ታዲያ ይሄ ሲሞላ አልተወለደችም ነበር?"

"ተወልዳለች። የለችም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ለዚህ የሚሆን ፎርም መኖሩን ማየት አለብኝ" ብሎ ተነስቶ ሄደ። ተመልሶ ነገሩን አስረዳኝ፤ ያኔ ያልተመዘገበ ልጅ በደንቡ ቤተሰብ ተብሎ አይቆጠርም፣ ይሁን እንጂ ምክንያቴን ጽፌ ማመልከት እችላለሁ፣ ተስፋ ግን አይሰጠኝም። እናትነቴ በዲኤንኤ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ለዚያ ልጅቷ አዲስ አበባ ሄዳ የአፏን ምራቅ መስጠት አለባት።

ለደብሬ ደውዬ ነገሩን ለልጄ እንድትነግራት ለመንኳት። ከጥቂት ቀን በኋላ መልሼ ደወልኩ። አምስት ደቂቃ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቆይቶ ድምጿ ተሰማኝ።

"ነግሬያታለሁ" አለችኝ። "አልሄድም ብላለች። እኔ እንግዲህ ምን ላድርግ እቴ፣ ራስሽ አናግሪያት።"

ልጄ ስልኩን ተቀበለች። ደብሬን እማዬ ነው የምትላት፣ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ።

"ደኅና ነሽ ይታይሽ?"

"ደኅና ነኝ ልጄ። ምነው አልሄድም አልሽ?"

"ልጄ አይደለችም ብለሽ አስጽፈሻል አሉ።"

"ልጅ የለኝም ነው ያልኩት።"

"ምን ለየው?"

በቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል። "ዋሽቼ ነው" አልኳት። "ከአንቺ ልሸሽገው አልችልም። አሁን እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ ይፍቀዱ አይፍቀዱ ግን አላውቅም።"

ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እማዬ ብቻዋን ትቀራለች" አለች።

እሷንም እወስዳታለሁ ልል ነበር። እንደማልችል ስለማውቅ ተውኩት።

"ላስብበት" አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው።

"መቼ ልደውልልሽ?"

"ፈተና አለብኝ። ከፈተና በኋላ ደውዪ።"

"እሺ" አልኩ። ፈተናው መቼ እንደሚያልቅ ልጠይቃት ስል መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ታስጨንቀኛለች እንዳትል ፈራሁ። ይኸው ይህን እስከምጽፍላችሁ ድረስ አልደወልኩም፤ ዳንግላ ልጅ የምታስተምሩ ካላችሁ፣ ፈተናው መቼ እንደሚያልቅ ንገሩኝ።