ከግንዱ እስከ መንገዱ

ሰላም ሲሉት ቀና ብሎ ፊት አያይም፤ የሚያየው ጫማ ነው። የትራክተር ሹፌሩ መጀመሪያ ኩራት መስሎት ነበር።

የተቆረጠ ግንድ ከወደቀበት ተጎትቶ የመኪና መንገዱ ጋ እስኪደርስ ስንት እንደሚያስወጣ የሚገምተው ይህ ሰው ነው። ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ በእግሩ ይወርዳል። ረግረጉ ጋ ሲደርስ በተረከዙ መሬቱን ይጫናል፤ ተረከዙ ከሰመጠ ትራክተሩም ይሰምጣል ብሎ ግምቱን ከፍ ያደርጋል። ኮቱ አንድ ጊዜ ለሠርግ የተሰፋ ነው፤ ከኪሱ ግን ጭቃ መፋቂያ እንጨት አይጠፋም።

«ጋሼ፣ ታች ያለው ረግረግ ደርቋል ተብሏል፤ ምን ያደክምዎታል?» አለው ሹፌሩ።

«ማነው ያለህ?»

«ቆራጮቹ።»

«ጫማቸውን አይተሃል?»

ሹፌሩ ሳቀ። ሰውየው አልሳቀም። ጉቶ ላይ ቁጭ ብሎ ተረከዙን እየፋቀ፣ ድሮ የራሱ ትራክተር እንደነበረው፣ ደርቋል ተብሎ ያስገባበት ረግረግ እንደዋጠው፣ ሥራውንም ያው ደርቋል ያለው ሰው በማግስቱ የራሱን ትራክተር ይዞ በላይኛው በኩል ዞሮ እንደወሰደበት የጎረቤት ወሬ በሚያስመስል ድምፅ ነገረው።

«ውሸቱ አያስታውቅም ነበር?»

«ያስታውቃል እንጂ። ደርቋል ሲለኝ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር።»

«ታዲያ እያዩ?»

ሰውየው እንጨቱን ጠራርጎ ኪሱ ከተተ።

«የእናቴ ልጅ ነው» አለ። «ያን ጊዜ ፊት ነበር የማየው።»