የጨው ብርና የአቡጀዴ ብር

ሰው ሁሉ እናቱን ያወድሳል፤ የእኔ ግን እውነት ነው። እናቴ ኡሙልኸይር ቆቦ ገበያ ላይ አፋሮች በግመል የሚያመጡትን ጨው ተቀብላ በጣሳ ትቸረችር ነበር። በ1973 ዓ.ም. አባቴ ሲሞት መነገጃዋ ለቀብርና ለሰደቃ አለቀ። ቤታችን ድስት የሚጣደው ከቅሬው ገንዘብ ካገኘች ብቻ ነበር።

ቅሬያችን እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ወለድ ሐራም ስለሆነ፣ የተጠራቀመውን መዋጮ ለነጋዴ ሰጥቶ ትርፉን መካፈል ፈለገ። የጠየቁት ሁለት ናቸው፤ እናቴና አቡጀዴ ሻጩ አቶ ሐድጉ።

የቅሬው ዳኛ ሸህ በድረዲን ሰዉን ከሾላው ሥር ሰበሰቡና፣ «ከአንድ ብር ስንት ታተርፋላችሁ?» አሉ።

«ሠላሳ ሳንቲም» አለ ሐድጉ።

«አምስት ሳንቲም» አለች እናቴ።

ሰዉ ሳቀ። አንዱ ከኋላ፣ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ!» ብሎ ጮኸ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«ሸህ፣ መቁጠሪያዎን ያውጡ» አለች። «የሐድጉ ብር ከመደርደሪያ የምትወርደው ለዒድና ለፋሲካ ነው። ሁለት ጠጠር ይግፉ። የእኔዋ ብር በየገበያው ወጥታ ትመለሳለች። በዓመት ሃምሳ ጊዜ ያህል ነው፤ ይግፉ እንግዲህ!»

ሸሁ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጠጠሩን ገፉ። የሐድጉ ብር ስልሳ ሳንቲም፣ የእናቴ ብር ሁለት ብር ከሃምሳ ወለደች። ያው ከኋላ የጮኸው ሰውዬ፣ «እንዲያ ከሆነ ሁሉም ለጨው ይሰጥ!» አለ። ሐድጉ ፊቱ አመድ መሰለ።

በቃ፣ ጠገብን ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ ግን አልተቀመጠችም።

«ወላሂ አይሆንም፤ ግማሹ ለሐድጉ ይሰጥ» አለች። «ጨው ከከረመ ይረጥባል፣ ሥራው መሮጥ ነው። የአቡጀዴ ሥራው ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በቀበሌው ሱቅ ጨርቅ በወረፋ ነው፤ ሞት ወረፋ ይጠብቃል? ሁለቱን በአንድ ጣሳ አትስፈሩ።»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱና፣ «እንዳልሽው ይሁን» አሉ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። የእኛን እንጀራ ለሰው ቆርሳ ሰጠች አልኩ።

በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ መንገዱን ዘጋው፤ ከዋጃም ከሮቢትም መኪና አልመጣ አለ። የቀበሌው ሱቅ መደርደሪያም ባዶ ነበር። ሸህ በድረዲን የሞቱት በዚያ ሳምንት ነው። የከፈናቸው አቡጀዴ ከሐድጉ መደርደሪያ ወረደ፤ በወጉ፣ በዕለቱ ተቀበሩ። ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ በእናቴ መደብ በኩል አለፉ፤ ያ ከኋላ የጮኸው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። እሷ ጨው እየሰፈረች ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ፣ ከአባቴ ስም በፊት የእሷን እጠራለሁ።