በጎረቤቴ ዒላማ ላይ ያረፈችው ጥይት

ወረታ ውስጥ፣ እኛ ትምህርት ቤት፣ ዒላማ ተኩስን ስፖርት ብዬ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ድሮ ይህን ስናገር ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር። አሁን ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቅ ድምፄ ዝቅ ይላል።

ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ የስፖርት መምህር ነኝ። አንድ ክረምት አዲስ አበባ ለአሥር ቀን ሠለጠንኩና አራት የአየር ጠመንጃ በውሰት ይዤ ተመለስኩ። ፎገራ ላይ ጠመንጃ ብርቅ አይደለም። መተኮስ የሚችል ሰው ሞልቷል። ያስቸገረኝ ጨዋታ መሆኑን ማስረዳት ነበር። በመጀመሪያው ቀን መምህራኑን አዳራሽ ሰብስቤ የሠለጠንኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። በአየር ጠመንጃ የሚተኮሰው ከአሥር ሜትር ላይ ቆሞ ነው፤ ክንድን የሚያሳርፉበት ነገር የለም፤ ትንሿን የእርሳስ ጥይት የሚገፋት ባሩድ ሳይሆን የታመቀ አየር ነው። ሃምሳ ሜትር ላይ ደግሞ በእውነተኛ ጥይት ተንበርክኮ፣ በደረት ተኝቶና ቆሞ መተኮስ አለ። የሽጉጥ ተወዳዳሪ በአንድ እጁ ብቻ ነው የሚይዘው። ሌላም አለ፤ ከሸክላ የተሠራች ሳህን ወደ ሰማይ ትወረወርና እየበረረች ትመታለች። ይህን የሰሙት የግቢው ዘበኛ «ሳህኗ ምን በደለች?» አሉና አዳራሹን አሳቁት።

ከሁሉ አጥብቄ የነገርኳቸው አንድ ሕግ ነበር። «ዒላማዎቹ ጎን ለጎን ስለሚሰቀሉ ሰው ተሳስቶ የጎረቤቱን ሊመታ ይችላል። ያ ከሆነ ወዲያው እጃችሁን አውጡ። ያቺ ጥይት ለእናንተ ዜሮ ናት፤ ጎረቤታችሁን ግን አትጎዳም። ዝም ካላችሁ ትርፏ ቀዳዳ እሱ ላይ ትቆጠራለች።»

ከሠልጣኞቹ አንዷ የሒሳብ መምህርት ነበረች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ ይፋግ አካባቢ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። እሷ ጠመንጃ ነክታ አታውቅም ነበር፤ የሚስተካከል መጥፎ ልማድም ስላልነበራት የነገርኳትን እንደነገርኳት ታደርጋለች። ትንፋሿን ግማሽ ታስወጣና ትይዛለች፤ ቃታውን በጣቷ ጫፍ ቀስ አድርጋ ትስባለች። በሁለት ወር ውስጥ ከእኔ እኩል ሆነች። ሰው ፊት «ጎበዝ ተማሪዬ» እላታለሁ። ውስጤ ግን እንደዚያ አይልም ነበር።

ወደ ባሕር ዳር ውድድር የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ተወሰነና ማጣሪያ ተደረገ። በወንዝ አሸዋ የተሞሉ የሩዝ ጆንያዎች ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር ተደረደሩ፤ ዒላማዎቹ ከፊታቸው ተሰቀሉ። ዳኛው አሠራሩን ከመጽሐፍ ያጠኑ ጡረተኛ ፖሊስ ነበሩ። እኔ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ፤ እሷ አራተኛው ላይ። ለእያንዳንዳችን ሁለት ወረቀት፣ በእያንዳንዱ ላይ አምስት አምስት ጥይት ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ሲቆጠር በሦስት ነጥብ መራችኝ። ርእሰ መምህሩ ከኋላዬ «መምህሩ በተማሪው ሊሸነፍ ነው» ብለው ሲስቁ ሰማሁ።

በሁለተኛው ወረቀት ላይ አራተኛዋን ጥይት ልተኩስ ስል ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጠርጌ እንደገና አነጣጠርኩና ተኮስኩ። ከወረቀቱ በላይ ያለውን የመስመር ቁጥር ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። አራት ይላል።

እጄን ለማውጣት ጊዜ ነበረኝ። ማንም አልከለከለኝም። ጠመንጃውን አጎረስኩና አምስተኛዋን በራሴ ዒላማ ላይ ተኮስኩ።

ወረቀቶቹ ሲወርዱ የእኔ አራት ቀዳዳ፣ የእሷ ስድስት ሆኖ ተገኘ። ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

«መምህር፣ እርስዎ ዘንድ አንድ ይጎድላል።»

«ሁለቱ በአንድ ቀዳዳ ሳያልፉ አልቀሩም» አልኩ። መካከል ላይ ያለችው ቀዳዳ እንደ እድል ሆኖ ትንሽ ሰፋ ብላ ነበር። በአጉሊ መነጽር አዩዋትና አሥር ብለው ጻፉልኝ። በሌላ ሰው ዒላማ ላይ የተኮስኳት ጥይት አሥር ሆነች።

ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ስድስት ተኩሰሻል።»

«አምስት ነው የተኮስኩት። ቆጥሬ ነው ያጎረስኩት።»

«ታዲያ ስድስተኛዋን ማን ተኮሳት?»

እኔን አየችኝ። እኔ ጠመንጃዬን መወልወል ጀመርኩ። ዳኛው ተቸግረው «መምህር፣ እርስዎ ያሠለጠኗት ነዎት፤ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

«ያጋጥማል» አልኩ። «ጀማሪ ሲደነግጥ ቁጥር ይምታታበታል።»

ዝም ማለቴን ፍርሃት ነው ብዬ ራሴን ላጽናና እችል ይሆናል። ለዚህች ቃል ግን እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁላትም። በውድድሩ ሕግ መሠረት ከስድስቱ ትልቋ ተሰረዘችባት፤ በላዩም ቅጣት ተቆረጠባት። እኔ ባሕር ዳር ሄድኩ፤ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ሆኜ ተመለስኩ።

ስመለስ እሷ ልምምዱን ትታለች። ተማሪዎች «ስድስት» የሚል ስም አውጥተውላታል። ሰሌዳ ላይ ቁጥር ስትጽፍ ከኋላ ሳቅ ይነሣል። መተላለፊያ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ አትቆምም።

አንድ የገበያ ቀን አባቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። የስፖርት ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ሲቆሙ ብድግ ብዬ ተቀበልኳቸው።

«ልጄ፣ ልጄን ያስተማርካት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ የኔታ። ይግቡ።»

አልገቡም። «ቆጠራ ተሳስታ አሳፈረችህ አሉ። እኔም አዘንኩ። የተማረችው ቁጥር፣ የምታስተምረው ቁጥር። ከዚያ ወዲህ አንገቷን ደፍታ ቀረች። እባክህ ይቅር በላትና መልሳት።»

አፌን ከፈትኩ። «ምንም አይደለም፣ የኔታ» የሚል ነገር ወጣኝ። እሳቸው እግዜር ይስጥልኝ ብለው ትከሻዬን ስመውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ከክፍል ስትወጣ ጠበቅኳት። ሌላ መግቢያ ስላጣሁ «ስድስተኛዋን እኔ ነኝ የተኮስኳት» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ ከጨረስኩ በኋላ ሲተኩሱ ወረቀቴ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እጅዎን ያወጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።»

«ለዳኛው ለምን አልነገርሽም?»

«ማን ያምነኛል? እርስዎ ነዎት ሕጉን ያስተማሩን።» ደብተሮቿን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። «ለእኔ መንገርዎ ምንም አያደርግልኝም። ለተማሪዎቹ ይንገሩልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ሰልፉ ፊት ቆምኩ። የተዘጋጀሁበት ረጅም ንግግር ነበር፤ የወጣው ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ዳኛው መዝገቡን አስወጥተው አሥሯን ሰረዙና ዜሮ አደረጓት፤ ለእሷም የተቀነሰባት ተመለሰላት። ከእኔ በላይ ሆነች፤ ባሕር ዳር ግን አልፏል። ርእሰ መምህሩ «አሁን ምን ይጠቅማል?» አሉኝ። እሷ ከወር በኋላ ወደ ልምምድ ተመለሰች፤ ከእኔ በጣም ርቃ መጨረሻው መስመር ላይ ትቆማለች። የሚያሠለጥናት ሌላ መምህር ነው።

አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ይፋግ ወረድኩ። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ደቀ መዛሙርታቸው ከበዋቸው ያዜማሉ። ሲያዩኝ እጃቸውን አነሡ፤ ዜማው ቆመ። ሁሉን ነገርኳቸው። እስክጨርስ መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ።

«ያን ቀን ይቅርታ ስለምንህ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ሰምተህ ዝም አልክ።»

«አዎ።»

«ጥይቷስ ስህተት ናት» አሉ። ወደ ደቀ መዛሙርቱ ዞረው ካቆሙበት እንዲቀጥሉ በዓይናቸው ጠቆሙ። ዜማው ተጀመረ። ተቀመጥም ሂድም አላሉኝም። ጥቂት ቆሜ፣ ማንንም ሳልሰናበት፣ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።